ደማቅ ቀለምና ጥለት በዘመናዊ ሥዕል፦ «ጌጥ ነው» ለሚሉን ምን እንመልስ?

ጀማሪዋ ሠዓሊ

ሰላም ለሁላችሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የምሠራቸው ሥዕሎች ከዳር እስከ ዳር በጥለት የተሸፈኑ ናቸው። ክብ፣ ሰንበር፣ ሦስት ማዕዘንና ቅጠል እየተደጋገሙ ሸራውን ይሞሉታል። ቀለሞቼም ዓይን የሚወጉ ናቸው፤ ለስላሳ ቀለም አልወድም።

የሚያስተምሩኝ መምህር ሥራዬን ባዩ ቁጥር «ያምራል፣ ግን ጌጥ ነው፤ ሥዕል አልሆነም» ይሉኛል። በብዙ ነገር ምክራቸው ጠቅሞኛል፤ ይህኛውን ግን መቀበል አቃተኝ። ጥለት ያለበት ሥራ ሁሉ ሐሳብ የለውም ማለት ነው?

ሁለት ነገር እንድትነግሩኝ እፈልጋለሁ። በደማቅ ቀለምና በጥለት እየሠሩ ትልቅ ደረጃ የደረሱ፣ ሥራቸውን ተቀምጬ ላጠናው የሚገባኝ ሠዓሊዎች እነማን ናቸው? ደግሞስ አምስት ስድስት ደማቅ ቀለም ጎን ለጎን ሲቀመጥ እርስ በርሱ እየተጣላ ዓይን ያደክማል፤ እነዚህ ሰዎች ቀለሞቻቸውን እንዴት ነው የሚያስታርቁት?

ጥቁር እርሳስ

እህቴ፣ መምህርሽ የተናገሩት ነገር ከእርሳቸው የጀመረ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ክርክር ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የቪየናው አርክቴክት አዶልፍ ሎስ ጌጥን ከወንጀል ጋር አያይዞ ጻፈ፤ የሠለጠነ ሰው ጌጥ አያስፈልገውም ባይ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሠርት ዓመታት ልሙጥ ግድግዳና ነጭ ክፍል የቁም ነገር ምልክት ሆኑ፤ አበባና ጥለት ደግሞ ወደ ምንጣፍና ወደ መጋረጃ ተገፉ።

ይህን ፊት ለፊት የተጋፈጡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የተሰባሰቡ ሠዓሊዎች ናቸው። «ጥለትና ጌጥ» በሚል ስም በሚታወቀው እንቅስቃሴ ውስጥ ሚሪያም ሻፒሮ፣ ጆይስ ኮዝሎፍ፣ ቫለሪ ጆደንና ሮበርት ኩሽነር ነበሩበት። ሻፒሮ መሐረብ፣ የሽርጥ ቁራጭና የጥልፍ ጨርቅ በትልልቅ ሸራ ላይ እየለጠፈች፣ በዙሪያቸው በአክሪሊክ ትቀባ ነበር። ስማቸው የማይታወቅ ሴቶች በየቤታቸው የሠሩት ሥራ በሙዚየም ግድግዳ ላይ እንዲወጣ አደረገች። ኮዝሎፍና ጆደን ደግሞ በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ የታወቁ ሠዓሊዎችንና የሐያስያንን ቃል እየጠቀሱ፣ «ጌጥ» የሚለው ንቀት ደጋግሞ የሚያርፈው በሴቶችና ከአውሮፓ ውጭ ባሉ ሕዝቦች ሥራ ላይ መሆኑን አሳዩ።

ስለዚህ «ጌጥ ነው» ሲሉሽ «አዎ፣ ጌጥ ነው፤ ታዲያ ምን ይሁን?» ብለሽ መመለስ ትችያለሽ። ማፈሪያ አይደለም።

መስመረኛው

ለረጅም ዓመታት ሥዕል ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የመምህሩንም ጭንቀት እረዳለሁ። ተማሪ ባዶ ቦታ ሲያስፈራው በጥለት ይሞላዋል። እርሳቸው ይህን አይተው ይሆናል። ነገር ግን መድኃኒቱ ጥለቱን መተው አይደለም፤ ጥለቱ ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ለዚህ ከእንግሊዛዊቷ ሠዓሊ ከብሪጅት ራይሊ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ራይሊ በ1931 ለንደን ተወለደች። በ1961 የሠራችውን በካሬዎች የተሞላ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ፈልጊና ተመልከቺው። ከግራ ሲጀምር ተራ የዳማ ሰሌዳ ነው። ወደ ቀኝ ሲሄድ የካሬዎቹ ቁመት ሳይቀየር ወርዳቸው ብቻ ጥቂት በጥቂት ይጠባል፤ ከመሐል አለፍ ሲል ክር ያህል ይቀጥናሉ፤ ከዚያ እንደገና ይሰፋሉ። ሸራው ጠፍጣፋ መሆኑን እያወቅሽ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ታዪዋለሽ። ያደረገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወርዱን ለወጠች። ይህን ጌጥ የሚለው ሰው ካለ በሥዕሉ ፊት ቆሞ ጉልበቱ ሲከዳው ሐሳቡን ይቀይራል።

ወደ ቀለም የገባችው በ1967 ነው፤ በ1968 ደግሞ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው ትልቅ የጥበብ ዐውደ ርዕይ፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ የሥዕልን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1980ዎቹ መግቢያ ላይ ግብፅን ከጎበኘች በኋላ፣ በመቃብሮቹ ግድግዳ ላይ ያየቻቸውን ቀለሞች በትዝታዋ አዋህዳ ቀጥ ያሉ ሰንበሮች ሠራችባቸው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ቱርኩዝ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁርና ነጭ፤ በጣም ጥቂት ናቸው። የጥንቶቹ ሠዓሊዎች በእነዚያው ጥቂት ቀለሞች ሕይወትን ሁሉ መሣላቸው ነው የማረካት።

ሌላም ልብ በዪ። ትልቁን ሸራ የሚቀቡት ረዳቶቿ ናቸው። እርሷ አስቀድማ በወረቀት ላይ ቀለሙን እየቀባች፣ እየቆረጠችና ቦታውን እየለዋወጠች ትመረምራለች። የሥዕሉ ሐሳብ የሚያልቀው እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

ቀጥታ ተናጋሪ

ሁላችሁም ጥለትን ለመከላከል ተነሥታችኋል፤ እኔ ግን መምህሩ ጨርሰው አልተሳሳቱም እላለሁ። ጃፓናዊቷን ሠዓሊ ያዮይ ኩሳማን ተመልከቱ። ሰው ተሰልፎ መስታወት ክፍሏ ውስጥ ይገባል፣ ፎቶ ተነሥቶ ይወጣል። ነጥቦቿ በ2012 እና በ2023 በፈረንሳዩ የፋሽን ድርጅት በሉዊ ቪቶን ቦርሳዎች ላይ ወጥተዋል። ሌላው ጃፓናዊ ሠዓሊ ታካሺ ሙራካሚም ከዚያ በፊት፣ በ2003፣ ለዚሁ ድርጅት በብዙ ቀለም ሠርቷል። ከሥዕል ወደ ቦርሳ ያለ ምንም ችግር የሚሸጋገር ነገር መጀመሪያውኑ ምን ያህል ሐሳብ ነበረው? ይህን የምለው ሥዕል ስለምወድ ነው። ዛሬ ደማቅ ቀለምና ጥለት በስልክ ስክሪን ላይ ቶሎ ዓይን ስለሚይዝ ብቻ የሚወደድ ሥራ እየበዛ ነው፤ ይህም ያሳስበኛል።

ቢጫ ነጥብ

ቀጥታ ተናጋሪ፣ ስለ ስልክ ስክሪኑ እስማማለሁ። ስለ ኩሳማ ግን ፈጽሞ አልስማማም፤ ስሜም ይመሰክርብኛልና ዝም ማለት አልችልም።

ኩሳማ በ1929 ጃፓን፣ ማትሱሞቶ ውስጥ ነው የተወለደችው። ከልጅነቷ ጀምሮ በዙሪያዋ ያለው ነገር ሁሉ በአንድ ጥለት ሲዋጥ ይታያት ነበር፤ የጠረጴዛው ልብስ አበባ ወደ ጣሪያው፣ ወደ መስኮቱና ወደ ገዛ አካሏ ሲሻገር። ጥለቷ ለሽያጭ የተፈለሰፈ ሳይሆን ያስፈራትን ነገር በእጇ ይዛ የምትገዛበት መንገድ ነው። ከ1977 ጀምሮ በገዛ ፈቃዷ ቶኪዮ ውስጥ በአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል እየኖረች፣ በአቅራቢያው ባለው ስቱዲዮዋ ስትሠራ ቆይታለች።

ደግሞ የጀመረችው በደማቅ ነጥብ አይደለም። በ1959 ኒው ዮርክ ውስጥ ያቀረበቻቸው የመረብ ሥዕሎች ከሩቅ ሲታዩ ነጭ ብቻ ናቸው። ጠጋ ስትሉ ግን የጣት ጫፍ የሚያካክሉ ቅስት የብሩሽ ጭረቶች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ጫፍ እየያዘ ይቀጥላል፤ በየቀዳዳው ሥር የተቀባው የበታች ቀለም በጭላንጭል ይታያል። መሐል የሚባል ቦታ የለም፤ ዓይን የሚያርፍበት ጥግ የለም። በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ ሠዓሊዎች ዘንድ ሰፊ የክንድ እንቅስቃሴና የቀለም ፍንጣቂ ሲወደስ፣ እርሷ ትንሿን የእጅ አንጓ እንቅስቃሴ ለሰዓታት እየደጋገመች ግድግዳ የሚያህል ሸራ ሞላች።

በ2002 በአውስትራሊያ፣ ብሪዝበን የተጀመረውን ሥራዋንም እዩ። ወንበሩ፣ ፒያኖው፣ ግድግዳው ሁሉ ነጭ የተቀባ ክፍል ነው። የሚገቡት ልጆች ባለ ቀለም ክብ ተለጣፊ ይሰጣቸውና ደስ ባላቸው ቦታ ይለጥፋሉ። በሳምንታት ውስጥ ክፍሉ በነጥብ ተውጦ የወንበሩ ቅርጽ ከግድግዳው መለየት ያዳግታል። በልጅነቷ ያስፈራት የነገሮች መዋጥ ሕፃናት እየሳቁ የሚሠሩት ሥራ ሆነ። ቦርሳው ላይ የወጣው ነጥብ ይህን ሊያጠፋው አይችልም።

ሦስተኛው ረድፍ

ጀማሪዋ ሠዓሊ፣ ከመምህርሽ ጋር ያለሽ ነገር ዪንካ ሾኒባሬን አስታወሰኝ። በ1962 ለንደን ተወልዶ ሌጎስ ያደገ አርቲስት ነው። ተማሪ ሳለ ስለ ሶቪየት ኅብረት የፔሬስትሮይካ ለውጥ የሚያጠነጥን ሥራ ሲሠራ፣ አንድ መምህሩ ለምን እውነተኛ አፍሪካዊ ጥበብ እንደማይሠራ ጠየቀው። ጥያቄው ለንደን ውስጥ ወዳለው የብሪክስተን ገበያ መራው። እዚያ የሚሸጠው፣ ዓለም ሁሉ «የአፍሪካ ጨርቅ» የሚለው ባለ ደማቅ ቀለም ጥጥ፣ መነሻው የኢንዶኔዢያ ባቲክ፣ ማለትም በሰም እየተሸፈነ የሚቀለም ጨርቅ፣ መሆኑን አወቀ። የኔዘርላንድስ ፋብሪካዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በማሽን አስመስለው አመረቱት፤ ተወዳጅነትን ያገኘው ግን በምዕራብ አፍሪካ ገበያ ነው።

ጨርቁን ቀርቦ ያየ ሰው በቀለሙ ውስጥ እንደ ደም ሥር የተበተኑ ቀጫጭን መስመሮች ያገኛል። ቀለም እንዳይገባ የሚቀባው ሙጫ ሲሰነጠቅ ማቅለሚያው በስንጥቁ ዘልቆ የሚተወው ምልክት ነው። ሾኒባሬ ከዚህ ጨርቅ የአውሮፓ መኳንንት የሚለብሱትን ዓይነት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልብስ አሰፋ። በ2003 በሠራው አንድ ሥራው ራስ የሌላቸው 14 ሰዎች ይህንኑ ለብሰው፣ የአፍሪካ ካርታ በተሣለበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይከራከራሉ። ከ1884 እስከ 1885 አውሮፓውያን አፍሪካን ለመቀራመት በርሊን ላይ ያደረጉት ጉባኤ ነው። ጨርቁን ግራጫ ሱፍ አድርጋችሁ አስቡት፤ ሥራው ወዲያው ይሞታል። ማን ከማን ወሰደ፣ ማን በማን ስም ሸጠ የሚለው ጥያቄ ያለው በጥለቱ ውስጥ ነው።

ጀማሪዋ ሠዓሊ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የራይሊን ካሬዎች አየሁ፤ ረጅም ጊዜ ማየት ያስቸግራል፣ ግን መተውም አልቻልኩም። ጋሼ መስመረኛው፣ ስለ ቀለሞቹ መጣላት እርስዎ ቢያብራሩልኝ ደስ ይለኛል። ቀዩንና አረንጓዴውን ሳጎራብት ጠርዙ ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር ይታየኛል፤ ብርቱካናማ ስጨምርበት ደግሞ ሁሉም ነገር ይደበላለቃል።

መስመረኛው

ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ኬሚስት ላስተዋውቅሽ። ሚሼል ዩጂን ሼቭሩል ፓሪስ ውስጥ በጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር በሰማያዊና በሐምራዊ አጠገብ ሲሸመን ደብዝዟል የሚል ቅሬታ ቀረበለት። ማቅለሚያውን መረመረ፤ እንከን የለውም። ችግሩ ጎረቤቱ ነበር። አንድ ቀለም አጠገቡ ያለውን ከራሱ ተቃራኒ ወደሆነው ቀለም ይገፋዋል። ይህን በ1839 በመጽሐፍ አወጣው። ሠዓሊውና መምህሩ ጆሴፍ አልበርስ ደግሞ በ1963 ባሳተመው መጽሐፉ አንዱን ቀለም በሁለት የተለያዩ መደቦች ላይ አስቀምጦ ሁለት ቀለም ሲመስል አሳየ።

አሁን ወደ አንቺ ቀይና አረንጓዴ እንምጣ። ጠርዙ የሚንቀጠቀጠው ሁለቱ በቀለም ተቃራኒ ሆነው ሳለ በንጣትና በጥቁረት ስለሚስተካከሉ ነው። ዓይን ድንበር የሚለየው በዋናነት በብርሃን ልዩነት ነው፤ የብርሃን ልዩነት ሲጠፋ ድንበሩ የት እንደሆነ መወሰን ያቅተዋል። ሥራሽን በስልክሽ ፎቶ አንሺና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሪው። ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ ጥለትሽ በቀለም ብቻ ነው የቆመው ማለት ነው። አንዱን ቀለም በነጭ አቅልይው፣ ሌላውን በተቃራኒው ቀለም አጥቁሪው፤ ደማቅነቱን ብዙም ሳታጪ ሰላም ታገኛለሽ። መንቀጥቀጡን ከፈለግሽው ደግሞ ተይው፤ ራይሊ ሆነ ብላ ትጠቀምበት ነበር። ክፋቱ ሳይፈለግ ሲመጣ ነው።

ብርቱካናማው ደግሞ በመጠን ነው የሚገራው። አምስት ቀለም እኩል ቦታ ከያዘ የሚመራ የለም። አንዱ ገዢ ይሁን፣ ሁለቱ ይከተሉት፤ ብርቱካናማው በጣም ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ብቅ ይበል። በሥዕሉ ሁሉ ላይ ከያዘው ቦታ በላይ ሲናገር ታዪዋለሽ።

ሐምራዊ

ጋሼ ካሉት ላይ ልጨምር። ጥቁር መስመርን አትናቂው። ኤስተር ማህላንጉን እዪ፤ በ1935 የተወለደች፣ ከደቡብ አፍሪካ የንደቤሌ ሕዝብ የወጣች ሠዓሊ ናት፤ የግድግዳ ቅቡን በአሥር ዓመቷ ከእናቷና ከአያቷ መማር ጀመረች። ሮዝ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ጎን ለጎን ታስቀምጣለች፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በመካከላቸው ወፍራም ጥቁር መስመር አለ። ጥቁሩ ቀለሞቹን ስለሚለያያቸው አይጣሉም፤ ያውም የበለጠ ይደምቃሉ። ማስመሪያ አትጠቀምም፤ ቀጥ ያለውን መስመር በዶሮ ላባ በእጇ ነው የምታሰምረው። በ1989 ፓሪስ በፖምፒዱ ማእከል በተካሄደው ትልቅ ዐውደ ርዕይ ላይ ቤቷን የሚመስል ቤት ቀባች፤ በ1991 ደግሞ ቢኤምደብሊው 525 መኪና ላይ ሠራች። ያንን መኪና በትልቅ ፎቶ አግኝታችሁ ጠርዙን ብታዩት መስመሩ የሰው እጅ እንዳለበት ይታወቃል፤ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ሳሳ ይላል። ሕይወቱም ከዚያ ነው።

ቀጥታ ተናጋሪ

ቢጫ ነጥብ፣ ስለ ነጩ የመረብ ሥዕሎች የጻፍከው አሳመነኝ። ስለዚህ ጥያቄዬን ላጥብበው፤ የሚያሳስበኝ ጥለት ከምንጩ ሲለይ ነው። ማህላንጉ የእናቷንና የአያቷን ጥለት ነው የያዘችው። ሌላው ከኢንተርኔት አውርዶ ሲጠቀምበት ግን ምን ይቀራል?

እኔ የምወደው ኤል አናትሱይን ነው። በ1944 ጋና ተወልዶ ለብዙ ዓመታት ናይጄሪያ፣ ንሱካ ውስጥ የኖረ ቀራፂ ነው። የመጠጥ ጠርሙስ አሉሚኒየም ክዳኖችን እያጣጠፈና እየጨፈለቀ፣ በመዳብ ሽቦ እያያያዘ እንደ ትልቅ ጨርቅ ይዘረጋቸዋል። ወርቃማው፣ ቀዩና ጥቁሩ የክዳኑ የራሱ ቀለም ነው። የአልኮል መጠጥ በአውሮፓና በአፍሪካ መካከል በተካሄደው ንግድ፣ በባሪያ ንግዱም ጭምር፣ የነበረውን ቦታ ለሚያውቅ ተመልካች ክዳኑ ብቻውን ታሪክ ነው። ሥራው ቋሚ ቅርጽም የለውም፤ የሚሰቅሉት ሰዎች እጥፋቱን ራሳቸው ይወስናሉ። በ2015 በቬኒስ ቢየናሌ ለዕድሜ ልክ ሥራው ወርቃማውን አንበሳ ተሸለመ። ኢትዮጵያዊው ኤልያስ ስሜም ከተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ያገኘውን ባለ ቀለም ሽቦ እየጎነጎነ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የሚሠራቸው ሥራዎች በዚሁ መንገድ የሚታዩ ናቸው። ሁለቱም ዘንድ ቀለሙ አስቀድሞ በሰው እጅ ያለፈ ነው።

ሦስተኛው ረድፍ

ጥያቄህ ተገቢ ነው። የእኔ መለኪያ ሠዓሊው ጥለቱ ከየት እንደመጣ ማወቁና ያም እውቀት በሥራው ላይ መታየቱ ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ኬሂንዴ ዋይሊ በ2018 ለአሜሪካ ብሔራዊ የሰው ምስል ጋለሪ የባራክ ኦባማን ምስል ሲሠራ ከኋላቸው ቅጠልና አበባ ሞላ። ቺካጎን የሚወክለው ክሪሰንተመም፣ ሃዋይን የሚወክለው ጃስሚን፣ አባታቸው የመጡበትን ኬንያን የሚወክለው ሰማያዊ የአፍሪካ ሊሊ ነው። አንዳንዱ ቅጠል ከኋላ ወጥቶ በእግራቸው ፊት ያልፋል። በዚያው ቀን ይፋ በሆነው የሚሼል ኦባማ ምስል ላይ ኤሚ ሼራልድ ቆዳውን በግራጫ ቀለም ሣለች፤ ሸራውን የሚገዛው ባለ ጂኦሜትሪ ጥለቱ ረጅም ቀሚስ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ንጂዴካ አኩንዪሊ ክሮዝቢን እንድታዩ እለምናችኋለሁ። በ1983 ናይጄሪያ የተወለደች፣ ሎስ አንጀለስ የምትኖር ሠዓሊ ናት። ሥዕሏን ከሩቅ ስታዩት ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ወለሉና ግድግዳው ጥለት አለው። ስትቀርቡ ጥለቱ ፎቶግራፍ ነው! የቤተሰብ ፎቶ፣ ከናይጄሪያ መጽሔቶች የተወሰዱ ምስሎች፤ ሁሉም ቀለም በሚያሟሟ ፈሳሽ፣ በአሴቶን፣ ወደ ወረቀቱ የተላለፉ። የምትኖርበት ክፍል አሜሪካ ነው፤ የክፍሉ ቆዳ ግን ትዝታዋ ነው። ጀማሪዋ ሠዓሊ፣ ክቦችሽና ቅጠሎችሽ ከየት እንደመጡ እንድታስቢበት የሚያደርግሽ ይህ ሥራ ይመስለኛል።

ቢጫ ነጥብ

ጥለት ሰው ላይ ምን ያህል ሊያርፍ እንደሚችል አንድ ምሳሌ ልስጥ። የቬኔዙዌላው ካርሎስ ክሩዝ ዲየዝ በ1970ዎቹ በካራካስ አቅራቢያ የሚገኘውን የሲሞን ቦሊቫር አውሮፕላን ማረፊያ ወለል በባለ ቀለም ሰንበሮች ሸፈነው። በኋላ ብዙ ሕዝብ ከአገሩ ሲሰደድ፣ ተጓዦች በዚያ ወለል ላይ የቆሙ እግሮቻቸውን ፎቶ እያነሡ መሄድ ልማድ ሆነ። ሠዓሊው የሠራው ቀለም ሲራመዱበት እንዴት እንደሚለዋወጥ ለማሳየት ነበር፤ ሕዝቡ ግን የስንብት ምልክት አደረገው።

ጀማሪዋ ሠዓሊ

ሥራዬን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሬ አየሁት፤ ግማሹ አንድ ግራጫ ነው። አዲስ ሸራ ጀምሬያለሁ፤ ሐምራዊውን ገዢ አድርጌዋለሁ፤ ብርቱካናማው ሦስት ቦታ ብቻ አለ። ለጥለቱም በቤታችን ግድግዳ ላይ የነበሩትን የቆዩ ፎቶዎች ክፈፍ ቅርጽ ነው የያዝኩት። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የሰንበሮቹን ጠርዝ ለማቅናት የወረቀት ፕላስተር ለጥፌ በአክሪሊክ ስቀባ ቀለሙ በሥሩ እየገባ ጠርዙን ያበላሸዋል። ምን ላድርግ?

ሐምራዊ

ፕላስተሩን ከለጠፍሽ በኋላ ጠርዙን በጥፍርሽ ወይም በማንኪያ ጀርባ ደህና አድርገሽ ጫኚው። ከዚያ አዲሱን ቀለም ከመቀባትሽ በፊት፣ ሥር ያለውን የመደብ ቀለም ራሱን በጠርዙ ላይ በስሱ ቀቢና ይድረቅ። በሥሩ የሚገባው እርሱ ነው፤ ቀለሙ ከመደቡ ጋር አንድ ስለሆነ አይታይም፤ ቀዳዳውንም ይዘጋዋል። አሁን አዲሱን ቀለም ወፈር አድርገሽ፣ ብሩሽሽን ከፕላስተሩ ወደ ውጭ እየሳብሽ ቀቢ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ፕላስተሩን ወደ ኋላ አጥፈሽ በዝግታ ላጪው።

ከጠርዝ ጋር መታገል ከሰለቸሽ ደግሞ የብራዚሏን ቤያትሪዝ ሚሊያዜስን ዘዴ ሞክሪ፤ ከ1989 ጀምሮ የምትሠራበት ነው። አበባውንና ክቡን በአክሪሊክ በተለየ የፕላስቲክ ወረቀት ላይ ትቀባዋለች፤ ሲደርቅ ሸራው ላይ አጣብቃ ፕላስቲኩን ትላጣለች። ፕላስቲኩን ነክቶ የነበረው ገጽ ወደ ላይ ስለሚሆን ሥዕሉ ልስልስ ይላል፤ አልፎ አልፎ ቀለሙ ሳይለቅ ይቀርና ከሥሩ ያለው ይታያል። ልብ በዪ፣ ቅርጹ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ነው የሚያርፈው፤ የክፈፎቹን ቅርጽ ስትቀቢ ይህን አስቀድመሽ አስቢበት። ፕላስቲኩም አክሪሊክ የማይይዘው ዓይነት መሆኑን በትንሽ ቁራጭ ፈትሺ።